አልጌ ማሳደጊያ፣ ብዛት አንድ

ሰኞ፣ ግንቦት 3። ጠዋት 2፡40፣ ላብ (ላቦራቶሪ)

ቆጠራ ጨረስኩ። ዓይኔ ፈዟል። ስድስት ጠርሙስ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ በማይክሮስኮፕ። ፍ1፣ ፍ2፣ ፍ3 እየተባዙ ናቸው። ጾ1፣ ጾ2፣ ጾ3ም እየተባዙ ናቸው። ፍ ማለት ፍስክ፣ ጾ ማለት ጾም። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፍስከኞቹ ሁሉ የተሟላ ምግብ አላቸው። ጾመኞቹ ከፎስፈረስ (ባጭሩ ፎ/ስ) በቀር ሁሉ አላቸው። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው፣ የጎደለባቸው አይመስሉም። አይገርመኝም። አልጌ ቆጣቢ ነው፤ ፎ/ስ ባገኘ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ውጦ ሆዱ ውስጥ በትናንሽ ፍሬ ያስቀምጣል። አሁን ከጓዳ እየበሉ ነው።

በመጽሐፍ ዋቅላሚ ይባላል፣ በአፋችን አልጌ። ከሐረማያ ነው ያመጣኋቸው፣ ደርቆ ከተመለሰው ሐይቅ። ጎረቤታችን እማማ ፋጡማ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ሰኒ (እኔ ነኝ) የአልጋ ትምህርት ነው የምትማረው ብላ ነግራለች። ባለፈው አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ የትኛው ፍራሽ ለወገብ እንደሚሻል ጠየቀችኝ።

ደብተሬ፣ አንቺ የቁጥር መመዝገቢያ ልትሆኚ ነበር የመጣሽው። ሽፋንሽ ላይ የመ/ቤቱ ማኅተም አለ። ከቁጥሩ ጎን የራሴን ጉድ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ለማንም አላሳይሽም።

ሙቀት። ማራገቢያው ያንኑ የጋለ አየር ያዞራል። 4 ሰዓት ላይ እማማ ፋጡማ ገብታ አባባን ታገላብጥልኛለች። 6 ሰዓት ላይ እኔ በባጃጅ ወደ ቤት እሮጣለሁ፣ አበላለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ 8 ሰዓት ላብ። ስትሮክ የግራ ጎኑን ከመታው ሁለት ዓመት ሆነ። ሁለት ዓመት ከዚህ ሰዓት ዝንፍ ብዬ አላውቅም።

የባ/ዳር (ባሕር ዳር) ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ሳምንቱ። የሦስተኛ ዲግሪ ቦታ፣ አራት ዓመት፣ ጣና ላይ። እስከ ሰኔ 10 መልስ ከነመልቀቂያ ደብዳቤ ይላል። ለአባባ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 5። ከሰዓት 9፡15

ጾመኞቹ ቆሙ። የትናንትናው ቁጥርና የዛሬው አንድ ነው። ጓዳው አለቀ።

አልሞቱም። ሰው የማይገባው ይሄ ነው። ያለ ፎ/ስ አዲስ ሴል መሥራት አይቻልም። ብርሃኑ ግን መምጣቱን አያቆምም፣ እነሱም ምግብ መሥራቱን አያቆሙም። የሠሩትን የሚያውሉበት ስለሌላቸው በስብና በስታርች ያጠራቅሙታል። አይከፈሉም፣ የትም አይሄዱም፣ ይወፍራሉ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ቀሚስ ጠቦኝ አሰፋሁ። ሳቂ፣ ደብተሬ።

ታደሰ ደወለ። ወንድሜ ነው፣ አዳማ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ስለ ባ/ዳር ለእሱ ብቻ ነግሬው ነበር። እናስብበታለን አለ። ክረምቱ ይለፍ አለ። ደግሞ ደረጃው አለ፣ አባባን ማን ያወጣዋል፣ ማን ያወርደዋል። ሁሉም እውነት ነው፤ ለዚህ ነው መከራከር ያቃተኝ። በመጨረሻ አንቺ እኮ ከእኔ ይልቅ ታውቂበታለሽ አለኝ። ሙገሳ መሆኑ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 9። ጠዋት 4፡00፣ ቤት

አባባን አጠብኩ። ከመተኛት ብዛት ወገቡ ላይ የወጣው ቁስል አልሻረም፣ እንዲያውም ጠርዙ ጠቁሯል። ከወገቡ ቀና የሚያደርገው ነገር ያስፈልጋል ብሏል ሐኪሙ። ትራስ ደርቤ ሞከርኩ፣ ይንሸራተታል። ብብቱ ሥር ይዤ ሳነሳው እኔም እሱም እናቃስታለን።

አባባ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ነው የሚያየው። አርባ ዓመት የባቡር ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው፣ ዓይኑ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይችልም። የጣሪያውን ሳንቃ ምስማር ቆጥሯል። አንዷ የእኛ አገር ምስማር አይደለችም አለኝ ዛሬ። ንግግሩ ይንቀረፈፋል ግን ሁሉም ይገባኛል።

ቦታውን የሰጠችኝ ፕሮፌሰር ከባ/ዳር ደወለች። ግቢ ወጥቼ አነሳሁ። እርስዎ ስላት ምላሴ ይታሰራል፤ እዚህ ድሬዳዋ አባቴንም አንተ ነው የምለው፣ ማንም አይቀየምም። ፎ/ስ ሲያጥር የሚሆነውን ከሐረማያ አይተሻል፣ ጣና ላይ ደግሞ ነይና እዪው አለችኝ። ትጠብቀኛለች። ሰው ከጠበቀኝ ስንት ዘመኔ ነው? ገብቼ የአባባን ሾርባ አሞቅሁ። ማን ነው አለኝ። የሥራ ሰው ነው አልኩት። ውሸት አይደለም። ግን ውሸት ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12። 5፡30፣ ላብ

ጻፊ ብትይኝም ባትይኝም ይሄን ልጽፈው ነው።

ጠዋት ፒካፕ መጣ። ሁለት ሰዎች የብረት አልጋ አወረዱ። እጀታ ሲዞር ራስጌው ከፍ የሚል፣ ሆስፒታል ያለው ዓይነት። ራስጌው ላይ መብራት ታስሮበታል። ወረቀቱ ላይ ጠያቂ ክፍል፦ ላቦራቶሪ። ጠያቂ፦ የእኔ ስም።

ሲጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመት አልፎታል፣ አልጌ ማሳደጊያ ባለ መብራት፣ ብዛት አንድ ብዬ ጠይቄ ነበር። ጠርሙሶቹ የሚደረደሩበት፣ አምፖል የተገጠመለት መደርደሪያ። ጸሐፊያችን አልጌ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። የፊደል ስህተት መስሏት፣ ለእኔ አዝና፣ ጌን ጋ አድርጋ አረመችልኝ። አልጋ ማሳደጊያ ባለ መብራት ሆነ። ቀሪውን የነገረኝ ጀማል ነው፣ የንብረት ክፍሉ ሰው። የግዥ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ተወያይቷል። አልጋ እንዴት ነው የሚያድገው? አንዱ ከፍ ይላል ማለት ነው አለ። ሌላው እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት ክፍል እንዲህ ያለ አይቷል። መብራቱ ስላልነበረው ለብቻ ገዝተው አሳሰሩበት። እኔን እንዳይጠይቁኝ ያን ሳምንት አባባን ሐኪም ቤት ይዤ ሄጄ ነበር።

ሳቅኩ። ጀማልም ሳቀ፣ ሾፌሩም፣ ጥበቃውም። እንባዬ መጣ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ እንባው አልቆም አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13። 10፡00

አልጋው ኮሪደር ላይ ነው። ያለፈ ሁሉ እጀታውን ያዞራል። ሥራችን አልጋ በአልጋ ሆነ ይላሉ፣ ዛሬ ብቻ አራት ሰው ብሎኛል።

ሻጩ አልመልስም ብሏል። የዓመቱ የንብረት ቆጠራ ደርሷል። ማንም ያልፈረመበት ዕቃ ኮሪደር ላይ ከተገኘ ጀማል ነው የሚጠየቀው። ከሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ ለመነኝ። «አቦ ሰኒ፣ ፈርሚና ገላግይኝ። አባትሽ ተኝቷል አይደል? ኃላፊውን አናግሬዋለሁ፣ በውሰት ቤትሽ ውሰጂው ብሏል። ወላሂ ሁለታችንም እናርፋለን።» ሞዴል 22 ይዞ ነው የመጣው፣ የዕቃ መረከቢያ ቅጹን። ስሜን ሞልቶታል፣ ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው።

እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ክሊራንስ ትዝ አለኝ። መልቀቂያ ደብዳቤ ያለ ክሊራንስ አይወጣም፣ ክሊራንስ ደግሞ በስሜ ያለ ዕቃ አንድም ሳይቀር ካልተመለሰ አይፈረምም። አባባን አልጋው ላይ ካስተኛሁት በኋላ ከሥሩ ልነቅለው ነው? ጀማልን ጠየቅኩት። ፊቱን አኮሳተረ፣ አንገትሽ ላይ ነው የሚውለው ይሄንስ አልዋሽሽም አለኝ። ሌላ ሰው በስሙ ይፈርምልኝ ብዬ ሁለቱን ባልደረቦቼን ጠየቅኩ። አንዱ ሳቀ። ሌላዋ የሰው አልጋ በስሜ፣ ኋላ ቢጠፋስ አለች። መግዛት የማይታሰብ ነው።

አስቤበት ልንገርህ አልኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 17። 3፡10

ቁስሉ ተከፈተ። ትናንት ጨርቁን ሳነሳ ሽታው መጣ። አባባ ፊቴን አየና ዞር አለ።

ፈረምኩ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ።

አንድ ነገር ልንገርሽ ደብተሬ፣ ለማንም የማልለው። እስክሪብቶውን ሳስቀምጥ ቀለለኝ። ቁስሉ ሊድን ነው ብዬ ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ ማሰብ የለብኝም ብዬ። በር ሲዘጋ ነፋሱም ይቆማል። ለፕሮፌሰሯ የምጽፈውን ይቅርታ በልቤ ማርቀቅ ጀመርኩ፣ ቃላቱ ያለ ችግር መጡ። ይሄን ያህል መምጣታቸው አስጠላኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18። 11፡30፣ ቤት

አልጋው ገባ። በሩ ጠቦ አንድ እግሩን ፈትተን አስገባነው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ መጥቷል። እማማ ፋጡማ በኩራት ቆማ ለሁሉም ታብራራለች፦ «አላልኳችሁም? አልጋ ነው የምትማረው ብያለሁ። ይኸው ራሷ ሠርታ አመጣች። ማሻአላህ።» ማን ያርማታል።

አባባን አስተኛነው። እጀታውን አዞርኩ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ራሱ ከመስኮቱ ደፍ በላይ ወጣ። አሥራ ሁለተኛው ላይ በቃ አለ።

መንገዱን አየ። ዛፎቹን። ከእነሱ ማዶ የጋራዡን ጣሪያ፣ አርባ ዓመት የሠራበትን። ከዚያ ቆርቆሮው ዝጓል አለ። ማንም አልቀባውም ማለት ነው አለ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እኔም ጣሪያውን አየሁ። ደስ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ ግንቦት 24። ማታ 3፡00፣ ቤት

ጾመኞቹ ገርጥተዋል። ጠርሙሱ የደከመ ገብስማ መልክ ይዟል። ዛሬ ከውሃቸው ጨልፌ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ጠብ አደረግኩበት። ከፎ/ስ ጋር የተጣበቀ ነገር ነው፤ ማጣበቂያው ሲቆረጥ ቢጫ ይሆናል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቢጫ ሆነ። ከፍስከኞቹ ውሃ ላይ ሞከርኩ፣ ምንም።

ማለት ጾመኞቹ መቀስ ሠርተዋል። ኢንዛይም ነው፣ ወደ ውጭ ይለቁታል። የሞተ ሴል፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ማንኛውም ያለፈበት ነገር ውስጥ የታሰረውን ፎ/ስ ይቆርጥላቸዋል። ያም አልበቃ ሲል የራሳቸውን ሽፋን ያፈርሳሉ። ፎ/ስ ያለበትን ስብ ነቅለው በሌለበት ስብ ይተካሉ። ግድግዳቸውን እየሸረፉ በሌላ ጭቃ እንደሚመርጉ ሰዎች ናቸው። ሐይቅ ውስጥ ፎ/ስ አይፈጠርም። ወይ ከድንጋይ በዝግታ ይሟሟል፣ ወይ አንዱ የለቀቀውን ሌላው ይወስዳል። ሌላ መንገድ የለም።

ራት ሳበላው ይህንኑ ለአባባ ነገርኩት። ቀና ካለ ወዲህ ይጠይቃል፣ እንደ መርማሪ። እስከመቼ ይቆያሉ አለ። ሳምንታት አልኩት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ደስ ብሏቸው ነው አለ? አላውቅም አባባ፣ እነሱ ደስ አይላቸውም አልኩት። ኖረው ነው ወይስ አልሞቱም ብቻ ነው አለኝ። ሾርባውን አቀረብኩለት። ጨው በዛ አለ፣ አልበዛም ነበር።

ቁስሉ ከጠርዙ ሮዝ እየሆነ ነው። እየዳነ።

ሰኞ፣ ሰኔ 1። ጠዋት 1፡15፣ ቤት

በችኮላ ነው የምጽፈው። ባጃጁ እስኪመጣ።

አባባ አወቀ። አንድም ሰው አልነገረውም። ተኝቼ ሳለሁ ጣሪያ ነበር የማየው አለ፣ አሁን አንቺን ነው የማየው። ጠዋት ጠዋት ቦርሳሽን ትከፍቺያለሽ፣ አንድ ወረቀት ታዪያለሽ፣ ትመልሺዋለሽ። ሁለት ሳምንት እንዲህ። ምንድን ነው አለኝ።

አነበብኩለት። ሁሉንም። ከዚያ ቸኩዬ አትጨነቅ፣ አልሄድም፣ ተወስኗል አልኩት። አልጋውን ነገርኩት፣ ፊርማውን፣ ክሊራንሱን። ካንተ ሥር አልጋ ነቅዬ የትም አልሄድም አልኩ። እውነት ለመናገር ያመሰግነኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

እሱ ግን ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ ቃል እያወጣ፣ እንዲህ አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ለትምህርት አዲስ አበባ ተጠርተሽ ነበር። ያኔ እኔ ጤነኛ ነበርኩ። በሁለት እግሬ ጋራዥ እሄድ ነበር። ለምን አልሄድሽም?

ያኔ ምን እንዳልኩ ትዝ ይለኛል። ብርዱን አልችለውም ብዬ ነበር። ብርዱን!

«እኔ አይደለሁም ያሰርኩሽ» አለኝ። «ገመድ ስትፈልጊ አገኘሽኝ።»

ተናደድኩ። ይሄን ለእኔ ነው የምትለኝ አልኩት፣ ሁለት ዓመት ሰውነትህን ላጠብኩት። በሩን አላጋጨሁትም፣ ግን ማጋጨት ፈልጌ ነበር። አሁን ደጅ ደረጃው ላይ ነኝ። ባጃጁ ዘገየ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3። 8፡20፣ ላብ

ከአባባ ጋር የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የምንነጋገረው። ዙር። ቀና በል። መድኃኒት።

ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። አባቴ አሥራ ሁለት ዙር ብቻ ቀና ብሎ ይሄን ሁሉ አየ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ቆሜ አላየሁም። ወይም አይቼ ዝም አልኩ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተሳስተሃል የምልበትን ምክንያት ፈለግኩ። አንድም አላገኘሁም። የታደሰ ደረጃ እውነት ነው፣ ቁስሉ እውነት ነው፣ አልጋው እውነት ነው። ስፈርም የቀለለኝ ግን እሱም እውነት ነው። አፍራለሁ።

ዛሬ ለጾ2 ፎ/ስ ሰጠሁት። ጠዋት 2 ሰዓት ጠብ አደረግኩ፣ 8 ሰዓት ውሃውን ለካሁ። የለም። ሙልጭ። ፍ2 ያንኑ ያህል ለመጨረስ ቀናት ይፈጅበታል። የተራበ ሴል በሩን ያበዛል፣ ሲመጣለት እንዳያመልጠው። ለመከፈል ግን አይቸኩልም። መጀመሪያ ጓዳውን ይሞላል፣ ያፈረሰውን ይጠግናል። አንድ ሁለት ቀን ልጠብቀው።

ዓርብ፣ ሰኔ 5። 7፡00፣ ቤት

ጾ2 ተከፈለ። ቁጥሩ ትናንት አንድ ቦታ ነበር፣ ዛሬ ዘለለ። መልኩም እየተመለሰ ነው። ልነግረው በባጃጅ መጣሁ።

አባባ ቀድሞኝ የሚነግረኝ ነበረው። ለታደሰ ደውሏል። በቀኝ እጁ፣ እማማ ፋጡማ ቁጥሩን አውጥታለት። ና ውሰደኝ ብሎታል። ታደሰ ስለ ደረጃው ጀመረ፤ አንዴ ታወጣኛለህ፣ ሁለተኛ መውረድ አልጠይቅህም አለው።

ይሄ ሰው ከድሬ ወጥቶ ማደር የማይወድ ሰው ነው። አዳማ ለታደሰ ሠርግ ሄዶ በማግስቱ የተመለሰ። እናቴ ስትሞት ታደሰ እኔ ጋ ና ቢለው አፈሬ እዚህ ነው ያለ። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊተኛ ነው፣ መንገዱ ከማይታይበት። ጋራዡ ከሌለበት።

አልሄድም አልኩ። ጮህኩም መሰለኝ። እማማ ፋጡማ እጄን ያዘች። «ሰኒ፣ እኔም አልቅሻለሁ ጠዋት። ወስኗል አቦ። አትቁሚበት።» አባባ ወደ መስኮቱ እያየ ነበር። ቁስሉን አየሁለት። ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ለአዳማ ታደሰ የአየር ፍራሽ ከሰው ሊዋስ ነው፣ ቀና አያደርግም ግን ቁስል ይከላከላል። ሐኪሙን ጠየቅኩ፣ ይበቃዋል አለ። ምክንያት ስፈልግ ሌላ ምክንያት ጠፋ።

ይቅርታ በለኝ አልኩት፣ ስለ ሰኞው። ሾርባ አምጪ አለኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 7። 10፡40

ጻፍኩ። ለፕሮፌሰሯ፣ እመጣለሁ የሚለውን። ገና አልላክሁትም። ነገ ጀማል ጋ ሄጄ አልጋው ማክሰኞ ይመለሳል እላለሁ፣ ክሊራንሱም ማክሰኞ ከሰዓት ይፈረማል፣ ረቡዕ ሁሉም ይላካል። ረቡዕ ሰኔ 10 ነው።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ቤቱ ጠበበኝ እንጂ። የአባባን ልብስ ሳጣጥፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ግቢ ወጣሁ። ነጻ መውጣት እንዲህ ከሆነ ገና ይቀረኛል። የምወስደው ነገር ከማን እንደተቆረጠ አውቃለሁ። ጾ2 አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9። 6፡30፣ ቤት

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው የምጽፈው። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ አራት የብረት እግር ምልክት አለ።

ታደሰ 2 ሰዓት ደረሰ፣ ሚኒባስ ተከራይቶ፣ የኋላ ወንበሩን አስነስቶ። ጀማል 3 ሰዓት ላይ በፒካፕ መጣ። አብረው ደጅ ቆሙ፣ አንዱ አባቴን ሊወስድ፣ አንዱ አልጋውን። ማንም ቸኩይ አላለኝም። ጀማል እንዲያውም እኔ አልቸኩልም እያለ ከታደሰ ጋር ስለ አስፋልቱ ማውራት ጀመረ።

አባባ ሸሚዙን ለብሷል፣ የላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፌለት። ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው። ጠዋቱን በሙሉ እንደዚያ ነበር። እጀታው ጋ ተንበረከክሁ፣ ግን ማዞር አቃተኝ። እዚህ ጋ ደብተሬ እውነቱን ልጻፍ፦ በአንድ ቃል ቅሪ ቢለኝ እቀር ነበር። ጠበቅኩትም። ፊቱን አየሁ፣ ይበለኝ ብዬ።

አውቋል መሰለኝ። የጋራዡን ጣሪያ አንዴ አየው፣ ከዚያ ዓይኑን ከመስኮቱ ነቅሎ ወደ እኔ አዞረ።

«ዝቅ አድርጊኝ» አለኝ።

ዝቅ አደረግኩት።